ባለ ሁለት ዩኒት የተባለው ቤት በወረቀት ላይ ስንት ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በማስታወቂያ ገጻችሁ ላይ «ቤዝመንቱ (ምድር ቤቱ) ለብቻው የሚከራይ»፣ «ኪራዩ ሞርጌጁን (የቤት ብድሩን) የሚችል» የሚሉ የዋሽንግተን ዲሲ ታውንሃውሶች፣ ማለትም ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የሚጋሩ ቤቶች፣ አይጠፉም። ፔትዎርዝ፣ ብራይትዉድ፣ ፓርክ ቪው፣ ኮሎምቢያ ሃይትስ፤ ሰፈሮቹን አንባቢያችሁ በደንብ ያውቃቸዋል። ጆርጂያ አቬኑ ላይ የሐበሻ መደብርና ፑፑሳ (የኤል ሳልቫዶር ቂጣ) ቤት ይጎራበታሉ። በየመንገዱ የአያታቸውን ቤት የወረሱ ጥቁር አሜሪካውያን፣ ከኤል ሳልቫዶር የመጡ ቤተሰቦችና ገና ሥራ የያዙ ወጣቶች አጥር ለአጥር ይኖራሉ። የፔትዎርዝና የኮሎምቢያ ሃይትስ ሜትሮ ጣቢያዎች በ1999 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ከተከፈቱ ወዲህ ደግሞ ያለ መኪና ሥራ መሄድ ይቻላል። እንዲህ ባለ ሰፈር ተከራይ ማጣት ብዙ አያስፈራም። የሚያስፈራው ሌላ ነው፦ ባለ ሁለት ዩኒት (ሁለት ራሳቸውን የቻሉ መኖሪያዎች ያሉት) ተብሎ የሚሸጠው ቤት በከተማው መዝገብ ላይ ባለ አንድ ቤተሰብ ሆኖ ሲገኝ ገዢው በሁለት ቤት ዋጋ አንድ ቤትና አንድ ክስ ይገዛል።

በዲሲ አንድ ቤተሰብ ብቻ የሚኖርበት ቤት ሰርተፊኬት ኦፍ ኦኩፓንሲ አያስፈልገውም። ሁለትና ከዚያ በላይ ዩኒት ያለው ግን ያስፈልገዋል። ይህ ወረቀት ሕንፃው ለምን አገልግሎት እንደተፈቀደና ስንት መኖሪያ እንዳለው ይናገራል፤ ባለቤት ሲቀየርም በአዲሱ ባለቤት ስም መውጣት አለበት። ስለዚህ ሻጩን መጀመሪያ የሚጠይቁት «ሰርተፊኬቱ የታለ?» ብለው ነው። ከሌለ ዲፓርትመንት ኦፍ ቢልዲንግስ የተባለው የከተማው መሥሪያ ቤት ስካውት በሚባለው የመረጃ ገጹ ላይ አድራሻውን አስገብቶ የወጡ ፈቃዶችን ማየት ይቻላል። ቤዝመንቱ ውስጥ ወጥ ቤትና መታጠቢያ አለ፤ የቧንቧና የኤሌክትሪክ ፈቃድ ግን በመዝገቡ ላይ የለም እንበል። ያ ማለት ሥራው በድብቅ ሳይሠራ አልቀረም ማለት ነው። በግብር መዝገብ ላይ ያለው የቤቱ መለያ ቁጥርም ፍንጭ ይሰጣል፦ 011 ተያይዞ የተሠራ የአንድ ቤተሰብ ቤት ነው፤ 023 እና 024 ከአምስት ያነሱ ዩኒቶች ያሏቸው ናቸው። ግን ፍንጭ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ ግብር ሰብሳቢው ሁለት ቤት ብሎ ስለቆጠረ ብቻ ሕንፃው ሁለት ቤት አይሆንም።

ቀጥሎ የዞኑን ካርታ፣ ማለትም የት ምን ዓይነት ቤት እንደሚፈቀድ የሚያሳየውን፣ ማየት ነው። አር ኤፍ 1 በሚባለው ክልል በአንድ ቦታ ላይ ሁለት ዩኒት ያለ ልዩ ፈቃድ ይቻላል። ሦስተኛ ለመጨመር የዞን ቦርድ ፈቃድ፣ በተጨማሪም ለእያንዳንዱ ዩኒት 900 ካሬ ጫማ መሬት ያስፈልጋል። ወርዱ 18፣ ርዝመቱ 90 ጫማ የሆነ ቦታ 1,620 ካሬ ጫማ ብቻ ነው፤ ለሦስት ዩኒት 2,700 ይጠየቃል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ «ሦስተኛውን ራስዎ ይጨምሩበታል» የሚል ሻጭ የማይሸጠውን እየሸጠ ነው። አር 2 ወይም አር 3 በተባሉት ክልሎች ደግሞ መርሑ አንድ ቤተሰብ ነው። ቤዝመንቱ ሊከራይ የሚችለው እንደ ተቀጥላ መኖሪያ ሆኖ፣ ባለቤቱም ከሁለቱ በአንዱ ውስጥ ሲኖር ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ሜሪላንድ ገብቶ ሁለቱንም ለማከራየት ያሰበ ሰው ይህን ክልል ሳያይ መፈረም የለበትም።

ቤዝመንቱን ሕጋዊ የሚያደርጉት ነገሮች የሚለኩ ስለሆኑ ቤቱን ሊያይ የሚሄድ ሰው ኪሱ ውስጥ መለኪያ ይያዝ። ከወለሉ እስከ ጣራው 7 ጫማ። መኝታ ክፍሉ በእሳት ጊዜ ሰው የሚወጣበት መስኮት ወይም በር ሊኖረው ይገባል፤ መስኮት ከሆነ ሲከፈት ቢያንስ 20 ኢንች ስፋት፣ 24 ኢንች ቁመት፣ ታችኛው ጠርዙም ከወለሉ ከ44 ኢንች ያልበለጠ። ጠቅላላ ክፍቱ 5.7 ካሬ ጫማ፣ ከውጭው መሬት ጋር እኩል ለሆነ መስኮት 5 ካሬ ጫማ። ልብ በሉ፦ 20 በ24 የሆነ መስኮት ሁለቱንም ዝቅተኛ ልኮች አሟልቶ ስፋቱ 3.3 ካሬ ጫማ ብቻ ነው፤ አያልፍም። የብረት ፍርግርግ ካለው ከውስጥ ያለ ቁልፍ መከፈት አለበት። በላይኛውና በታችኛው ቤት መካከል እሳትን ለአንድ ሰዓት የሚያቆም ግድግዳና ጣራ ይፈለጋል። አንድ ማሞቂያ ሁለቱንም ቤት በአንድ የአየር ቱቦ የሚያሞቅ ከሆነ ይህ መለያየት ተሰብሯል፤ በዚያው ቱቦ የላይኛው ቤት ወጥ ሽታ ታች፣ የታችኛው ሲጋራ ላይ ይደርሳል። ክርክሩ ከእሳቱ በፊት ይነሳል።

ጣራው ዝቅ ያለ ከሆነ «ወለሉን ቆፍሮ ዝቅ ማድረግ ነው» ይባላል። ይቻላል፤ ግን ታውንሃውስ ግድግዳውን ከጎረቤቱ ጋር ይጋራል። ከመሠረቱ በታች የሚቆፈረው በኢንጂነር ፕላን፣ ለጎረቤት በጽሑፍ አሳውቆ፣ ፈቃድ አውጥቶ፣ በሦስትና በአራት ጫማ ቁራጭ እየተፈራረቀ ነው፤ አንዱ ቁራጭ ኮንክሪት ተሞልቶ ሳይጠነክር የጎኑ አይነካም። በአንድ ጊዜ ከተቆፈረ የጎረቤቱ ግድግዳ ይሰነጠቃል፤ ካሣው ከቤዝመንቱ የአሥር ዓመት ኪራይ ሊበልጥ ይችላል።

ፈቃድ የሌለው ቤዝመንት የሚያመጣው ጣጣ ቅጣት ብቻ አይምሰላችሁ። በ1968 የዲሲ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ብራውንና ሳውዞል ሪልቲ በተባለው ክርክር፣ አከራዩ የቤት ደንብ ጥሰት መኖሩን እያወቀ ያከራየው ቤት ውል ፈራሽ ነው ብሎ ወስኗል፤ ከጥሰቶቹ አንዱ የቤዝመንቱ ጣራ ማነስ ነበር። ኪራይ ያልከፈለን ተከራይ ፍርድ ቤት የሚወስድ አከራይ በቅድሚያ የሚጠየቀው ፈቃዱን ነው። ፈቃዱ ደግሞ ራሱን የቻለ መንገድ አለው፦ ቤዚክ ቢዝነስ ላይሰንስ ይባላል፣ የሚሰጠው የፈቃድና የሸማቾች ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ነው፤ ለአንድ ቤተሰብ፣ ለሁለት ቤተሰብና ለአፓርታማ ለየብቻው ነው። ለከተማው ዕዳ ያለበት ሰው ላያገኘው ይችላል።

ቤቱ ተከራይ ይዞ ከተሸጠ ውሉ ከቤቱ ጋር ይተላለፋል። በዲሲ የኪራይ ውል ዓመቱ ስላለቀ ተከራይ አይወጣም፤ ወር በወር እየከፈለ ይቀጥላል። ባለቤቱ ራሱ ሊገባበት ከፈለገ የ90 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። አሁን ይህን ከብድሩ ጋር አስተያዩት፦ ለነዋሪ ገዢ የሚሰጠው፣ የፌዴራል መንግሥት ዋስትና ያለው የኤፍ ኤች ኤ ብድር በ60 ቀን ውስጥ እንዲገቡ ያስገድዳል። 90 እና 60 አይገናኙም። ስለዚህ በግዢ ውሉ ላይ «አንዱ ዩኒት ባዶ ሆኖ ይረከባል» የሚል አንቀጽ ይገባል፤ የማይሆን ከሆነ ሌላ ቤት ይፈለጋል። የሚቀረው ተከራይ ስንት እንደሚከፍል፣ ስንት ዲፖዚት እንደሰጠና ከሻጩ ጋር የቃል ስምምነት እንዳለው በፊርማው የሚያረጋግጥበት ወረቀትም ከክሎዚንግ (ግዢው ከሚዘጋበት ፊርማ) በፊት ይያዝ። ዲፖዚት በዲሲ ከአንድ ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ወለድ በሚከፍል የተለየ ሒሳብ ይቀመጣል። ሻጩ ካላስረከበ ተከራዩ ሲወጣ የሚመልሰው አዲሱ ባለቤት ነው።

ተከራዮች ቤቱ ሲሸጥ ቀድመው የመግዛት ዕድል የሚሰጣቸው ሕግም አለ፤ በ1980 የወጣ ነው። በ2018 የነጠላ ቤቶች ጉዳይ ተለውጧል፣ በ2025 የከተማው ምክር ቤት እንደገና ከልሶታል። ጓደኛዎ ከአምስት ዓመት በፊት ሲገዛ የሰማው ደንብ ዛሬ ላይሠራ ስለሚችል፣ ውል በሚፈረምበት ቀን የሚሠራው የትኛው እንደሆነ የሚጠየቀው የታይትል (የባለቤትነት ሰነድ) ጠበቃው ነው።

የኪራይ ቁጥጥሩን፣ ማለትም አከራይ ኪራይ የሚጨምርበትን ልክ የሚወስነውን ሕግ፣ ብዙ ሰው በተሳሳተ መንገድ ያውቀዋል። ከ1976 በፊት የተሠሩ ቤቶች በመርሕ ቁጥጥር ውስጥ ናቸው፤ እነዚህ ሰፈሮች ደግሞ በአብዛኛው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠሩ ናቸው። በከተማው ውስጥ ከአራት የማይበልጡ ዩኒቶች ያሉት ግለሰብ ነፃ መሆን ይችላል። ይህ ነፃነት ግን በራሱ አይመጣም፦ ለኪራይ መዝጋቢው ክፍል ቅጽ ሞልቶ ቁጥር ማግኘት፣ ለተከራዩም ከውሉ በፊት ማሳወቅ ግዴታ ነው። ያልተመዘገበ ቤት እንደ ቁጥጥር ቤት ይቆጠራል። ነፃነቱም ለግለሰብ ነው። «ከክስ እንድትጠበቅ ቤቱን በኤል ኤል ሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት) ስም አድርገው» የሚለው የካፌ ምክር በዲሲ ይህን መብት በአንድ ፊርማ ያጠፋዋል። ለክስ መከላከያ የሚበጀው ጥሩ የኃላፊነት ኢንሹራንስ ነው፤ መድን ድርጅቱም ቤቱ እንደሚከራይ በጽሑፍ ይወቅ፣ አለዚያ በእሳት ማግሥት አልነገራችሁንም ይላል።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። በቤቱ ውስጥ የሚኖር ገዢ ለሁለት ዩኒት በኤፍ ኤች ኤ 3.5 በመቶ፣ ፋኒ ሜይ በተባለው የቤት ብድር ገዢ ድርጅት ደንብ ደግሞ ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ 5 በመቶ ቅድሚያ ይከፍላል። ሳይኖርበት ለኪራይ ብቻ የሚገዛ 25 በመቶ ያዘጋጅ። ሦስትና አራት ዩኒት ላላቸው ቤቶች ኤፍ ኤች ኤ ተጨማሪ ፈተና አለው፦ የሁሉም ዩኒቶች ኪራይ፣ ገዢው የሚኖርበት ጭምር ተገምቶ፣ 75 በመቶው የወር ክፍያውን መሸፈን አለበት። በዲሲ ዋጋ ብዙ ቤት እዚህ ላይ ይወድቃል። ለዚህ ነው ጥቂት ቅድሚያ ክፍያ ያለው ሰው በሁለት ዩኒት ላይ ቢያተኩር የሚሻለው።

ዕቁብ የደረሰው ሰው ገንዘቡን በአንድ ጊዜ ባንክ ሲያስገባ አበዳሪው «ይህ ከየት መጣ?» ይላል፤ ብዙዎችም ደንግጠው የማይሆን ታሪክ ይፈጥራሉ። አያስፈልግም። የኤፍ ኤች ኤ መመሪያ የግል ቁጠባ ማኅበርን በግልጽ ይቀበላል። የሚፈልገው የመዋጮ መዝገብና ደረሰኝ፣ ከገንዘብ ያዡ የተጻፈ ማረጋገጫ፣ የማኅበሩም ማንነት ነው። ስለዚህ ቤት ለመግዛት ያሰበ ዕቁብተኛ ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ በጥሬ ገንዘብ ከመስጠት በባንክ ቢያስተላልፍ፣ ጸሐፊውም የተፈረመ ደብተር ቢይዝ የኋላው ራስ ምታት አይኖርም።

አሁን «ኪራዩ ሞርጌጁን ይችላል» የሚለውን በቁጥር እንፈትነው። ቤቱ 850,000 ዶላር፣ ቅድሚያ ክፍያው 5 በመቶ ማለትም 42,500፣ ብድሩ 807,500 ይሁን። በ6.5 በመቶ ወለድ ለ30 ዓመት የወር ክፍያው 5,100 ገደማ ነው። የዲሲ ንብረት ግብር ከመቶ ዶላር 85 ሳንቲም ስለሆነ በወር 600 ገደማ፤ ነዋሪ ባለቤት ሆምስቴድ የሚባለውን ቅናሽ ካመለከተ ትንሽ ይቀንሳል። ለቤትና ለሞርጌጅ ኢንሹራንስ 500 እንያዝ። ድምሩ 6,200 ነው። ቤዝመንቱ በ1,900 ቢከራይ አበዳሪው የሚቆጥርለት 75 በመቶውን፣ 1,425 ብቻ ነው። በዓመት አንድ ወር ባዶ ቢውል በአማካይ የሚገባው 1,742 ነው። ለጥገና በዓመት የዋጋውን አንድ በመቶ ቢያስቀምጡ በወር 708 ይሆናል። ከኪስ የሚወጣው 5,166። ኪራዩ ከ6,200ው ሲሶውን እንኳ አልሞላም። ይህ መጥፎ ግዢ ነው ማለት አይደለም፤ ያለ ኪራዩ 6,908 ይወጣ ነበር። ግን ማስታወቂያው ላይ ያለው ቤት ይህ አይደለም።

ክሎዚንግ ላይ ደግሞ ከ400,000 በላይ ለሆነ ቤት ገዢው የሚከፍለው የምዝገባ ግብር 1.45 በመቶ ነው፤ በምሳሌያችን 12,325 ዶላር። የታይትል ኢንሹራንስና የአበዳሪው ወጪ ገና አልገቡም። ከተከራየ በኋላ የዓመቱ ጠቅላላ ኪራይ ከ12,000 ዶላር ካለፈ ዲ 30 የሚባለው የከተማው ግብር ይሞላል፤ ትርፍ ባይኖርም ትንሹ 250 ዶላር ነው። ታክስ የሚሠራላችሁ ሰው ቨርጂኒያ ከሆነ ይህን ቅጽ ሊዘነጋው ስለሚችል ጠይቁ። በፌዴራሉ በኩል የሚከራየው ክፍል የሕንፃ ዋጋ በ27.5 ዓመት እየተካፈለ ከገቢው ይቀነሳል፤ መሬቱ አይቆጠርም። ቤቱ ሲሸጥ የተቀነሰው ላይ እስከ 25 በመቶ ግብር ይከፈላል፤ ብዙዎች ይህን የሚሰሙት ከሸጡ በኋላ ነው።

ስለ ሕንፃው ራሱ ሁለት ሦስት ነገር። የድሮ ጡብ ለስላሳ ነው፤ በመካከሉ ያለው ምርጊትም የኖራ ነበር። «አድሰነዋል» ተብሎ በጠንካራ ሲሚንቶ የተሞላ ግድግዳ እርጥበቱን በምርጊቱ ማስወጣት ስለማይችል በጡቡ በኩል ይወጣል፤ በክረምት ውኃው በረዶ ሲሆን የጡቡ ፊት ይላጣል። ግድግዳው ሥር ቀይ ዱቄት ካያችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው። የፍሳሹ ቱቦ በአብዛኛው የሸክላ ነው፤ በመጋጠሚያው የዛፍ ሥር ይገባበታል። ከመደበኛው ኢንስፔክሽን ሌላ በካሜራ ይታይ፤ ከግቢው ወሰን ወደ ውስጥ ያለው የባለቤቱ ዕዳ ነው። በከተማው አሮጌ ክፍል የዝናብና የቤት ፍሳሽ በአንድ ቱቦ ስለሚሄድ በከባድ ዝናብ ወደ ቤዝመንት ይመለሳል። በ2012 ብሉሚንግዴል የሚባለው ሰፈር ደጋግሞ የተጥለቀለቀው በዚህ ነው፤ በ2023 የተጠናቀቀው ትልቅ ዋሻ ቢያቃልለውም በታችኛው ወለል ያለ መታጠቢያ አሁንም ፍሳሽ እንዳይመለስ የሚያግድ ቫልቭ ያስፈልገዋል። ከመደበኛው የቤት ኢንሹራንስ ሌላ የፍሳሽ መመለስ አንቀጽ ለብቻው ይገዛል። ኤሌክትሪኩ የ60 አምፔር ሳጥን ከሆነ ሁለት ወጥ ቤት አይችልም። ለሁለት ዩኒት ሁለት ቆጣሪ ይፈለግ፤ ውኃው ግን ብዙ ጊዜ አንድ ቆጣሪ ነውና ሒሳቡ የባለቤቱ ነው። ከ1978 በፊት ለተሠራ ቤት ሻጩ ስለ ሊድ (እርሳስ ስላለበት) ቀለም የሚያውቀውን በጽሑፍ የመንገር ግዴታ አለበት፤ ገዢውም 10 ቀን የመመርመሪያ ጊዜ አለው። «ውድድር አለ» እየተባለ ይህን ቀን በፊርማ መልቀቅ፣ በተለይ ትናንሽ ልጆች ያሉበት ቤት ሊከራይ ከሆነ፣ ከምንም በላይ አይመከርም።

በመጨረሻ እናንተኑ የሚመለከት ጉዳይ። በኪራይ ገጻችሁ «ለሐበሻ ብቻ» የሚል ማስታወቂያ አልፎ አልፎ ይወጣል። የ1968ቱ የፌዴራል የቤት መብት ሕግ በዘር፣ በሃይማኖት ወይም በትውልድ አገር የሚለይ ማስታወቂያ መጻፍን ብቻ ሳይሆን ማተምንም ይከለክላል። ባለቤቱ እዚያው የሚኖርበት ትንሽ ቤት ከሌሎች አንቀጾች ነፃ ቢሆንም ከዚህኛው ነፃ አይደለም። በዲሲ ደግሞ «ቫውቸር (የመንግሥት የኪራይ ድጋፍ) አንቀበልም» ማለት ራሱ ሕገወጥ ነው። ማስታወቂያ ተቀባዮቻችሁ እነዚህን ሐረጎች የያዘ ማስታወቂያ እንዳይቀበሉ፣ «ባለ ሁለት ዩኒት» ብሎ የሚያሳትም ሻጭም የሰርተፊኬቱን ቁጥር አብሮ እንዲያወጣ ብታደርጉ እንጠይቃለን። ቁጥሩ አንድ መስመር ብቻ ነው የሚይዘው።

አንባቢያችሁ
ከዋሽንግተን ዲሲ